እንግዳ የማይቀበለው ኮምፒውተር

መምህርት ዓይናዲስ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የሦስት ሰዎች ፊት ይታያቸዋል። ሦስቱም ከክልሉ ከተማ ሆነው ይግባኛቸውን እንዲሰሙ የተሰየሙ ዳኞች ናቸው። መካከል የተቀመጡት ሰብሳቢ ሴት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ ግን የለም። መምህርቷም ሄድፎኑን በነጠላቸው ላይ አጥልቀው ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉና፣ «ይሰማል?» አሉ። ሰብሳቢዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ከመስታወቱ ግርጌ ጽሑፍ ወጣ፦ «አይሰማም። እስከ አምስት ሰዓት እንጠብቃለን። ካልተስተካከለ በእጃችን ባለው ጽሑፍ እንወስናለን።»

በእጃቸው ያለው ጽሑፍ ምን እንደሆነ ዓይናዲስ አሳምረው ያውቃሉ።

በወይራ አፋፍ ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነበሩ። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ የላከውን የጋራ ፈተና ሲያርሙ፣ አንድ አንቀጽ አንብበው ለመረዳት የሚቸገሩ ልጆች ሳይቀሩ ከፍ ያለ ውጤት አምጥተው አገኟቸው። ያ ብቻ ቢሆን ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱ ለአራሚዎች በላከው የመልስ መክፈቻ ላይ አንዱ መልስ በስህተት ተቀምጦ ነበር፤ ልጆቹም ሁሉ፣ ጎበዙም ደካማውም፣ ያንኑ ስህተት መርጠው ተገኙ። ዕውቀት ሰዎችን በትክክለኛው መልስ ላይ ያገናኛቸዋል፤ በአንድ ስህተት ላይ ሁሉንም የሚያገናኝ ግን ስርቆት ብቻ ነው። ዓይናዲስ ውጤቱን አልመዘግብም አሉ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወርቅአገኘሁ ደግሞ፣ «ፈተናው አልወጣም፤ መምህርቷ ያለ ማስረጃ የመሥሪያ ቤቱን ስም አጥፍተዋል» ብለው ከሰሷቸው። መምህርቷም ከሥራ ተሰናበቱ። የመከላከያ መልሳቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ነበር፤ ኃላፊው «አሳጥረው» ሲልኩት ስለ መልስ መክፈቻው የሚናገረው ክፍል ወድቆ ቀረ። ዛሬ የመጡት በገዛ አፋቸው ሊናገሩ ነው። ሕጉ ደግሞ ባለጉዳዩ በታዛቢ ፊት፣ ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እንዲናገር ያዛል፤ የኢንተርኔት መስመር የገባለት ደግሞ ይህ አንዱ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው።

«መብራቱ በርቷል እኮ!» አለች የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ትርንጎ፣ በሄድፎኑ ጎን ወደምትበራው ሰማያዊ ነጥብ እያመለከተች።

«መብራቱማ ይበራል» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው ሳሊሕ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ። «ኤሌክትሪክ አግኝቷል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም።»

«እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን ነዋ! ያበራል፣ አይሰማም።»

«ትርንጎ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ ከበሩ። ለታዛቢነት የተመደቡት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ሳሊሕ ገመዱን ነቅሎ በሌላው ቀዳዳ ሰካው። ኮምፒውተሩ ዝም አለ። ከኋላ በኩል ሰካው። አሁንም ዝም። አጥፍቶ አስነሣው፤ አሮጌው ዕቃ እያቃሰተ እስኪነሣ ድረስ ከአሸተን ማርያም ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖት አለፈ። የዳኞቹ ፊት ተመልሶ መጣ፤ ድምፁ ግን እንደሄደ ቀረ።

«ሄድፎኑ ራሱ ሞቶ እንዳይሆን» አሉ መምህርቷ።

ሳሊሕ ይዞት ወደ ገንዘብ ያዧ ክፍል ገባ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር መስመር የለውም፤ ለሙከራ ግን ይበቃል። ትርንጎም ተከትላው ገባች። ጥቂት ቆይቶ የእሷ ሳቅ ተሰማ፤ «ውይ! ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ? ባሌ ምነው ቻለው!» ስትል፣ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ሁሉም ዐወቀ። ከዚያ ክፍል ሲመለስ ግን የሳሊሕ ፊት ተለውጦ ነበር።

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ መምህርት» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ለስለስ ብለው። «የቴክኖሎጂ ነገር ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም። የሚሉትን በጽሑፍ ያድርጉትና እኔው እልክልዎታለሁ።»

«የፊተኛውንም የላኩልኝ እርስዎ ነበሩ። ሲደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር።»

«አሳጠርኩት እንጂ አልቆረጥኩትም።»

«ልብስ የሚያሳጥሩት ባለቤቱን ለክተው ነው፣ አቶ ወርቅአገኘሁ። እኔን መቼ ለኩኝ?»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ሰዓቱ ይሂድ። እኔ አልሄድም።»

ኃላፊው ስልካቸው ጮኸና ሊያነጋግሩ ወደ ግቢው ወጡ። ዓይናዲስ ወንበራቸውን ወደ ሳሊሕ አዞሩ። በልጅነቱ አስተምረውታል፤ ሰነፍ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር፤ ሲዋሽ ደግሞ የግራ ጆሮውን ይጎትታል።

«ና እስኪ። ይህ ማውስ የተሰካው በዚሁ ዓይነት ቀዳዳ አይደለም?»

«ነው፣ ቲቸር።»

«ኮምፒውተሩ ማውሱን ያያል። ይህችን ማይክሮፎን የሌላትን አሮጌ ካሜራም ያያል፤ ሰዎቹ ያዩኝ በእሷ ነው። ሄድፎኑን ግን አያይም። በማውሱና በሄድፎኑ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?»

«ማውሱና ካሜራው የቆዩ ናቸው፤ ሄድፎኑ አዲስ ነው» አለ ሳሊሕ፣ ጆሮውን እየጎተተ። «ምናልባት ሶፍትዌሩ አርጅቶ…»

«ጆሮህን ተወው።»

ሳሊሕ እሳት እንደነካው ሁሉ እጁን ከጆሮው አነሣ። ትርንጎ ሳቋን በመሐረብ አፈነችው።

«ዕቃው አልተበላሸም። የሆነውም አልጠፋህም» አሉ መምህርቷ። «በላስታ እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ይህን ኮምፒውተር አዲስ የመጣውን ሁሉ እንዲመልስ ያስተማረው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሳሊሕ። «የቆየውን ብቻ እንዲያውቅ፣ አዲስ የሚሰካበትን ሁሉ እንዲከለክል አድርጌ ዘጋሁት። ገንዘብ ያዧ ዘንድ ሲሠራ ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

ወደ መስኮቱ ዞሮ ተመለከተ። አቶ ወርቅአገኘሁ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ በስልክ ይስቃሉ።

«እሳቸው። ፈተናው በተሰጠ ማግስት። ፈተናው ከነመልሱ የተጻፈው እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነበር። ‹አንዱ በፍላሽ ገልብጦ አውጥቶታል፤ ከእንግዲህ ምንም እንዳይገባበት አድርገህ ዝጋው› አሉኝ። በቃል ነው። ወረቀት የለም፣ የሰማም የለም።»

ትርንጎ መሐረቧን ከአፏ አወረደች። አልወጣም የተባለው ፈተና መውጣቱን የሚያውቅ ሰው እነሆ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ይገኛል።

«ወላሂ ቲቸር፣ ከእርስዎ ክስ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። አሁን ግን… ልጆች አሉኝ። ከዚህ ቢያባርሩኝ የት እገባለሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምነው ነበር፤ ወይም «ለዳኞቹ እነግርብሃለሁ» ብሎ ያስፈራራው ነበር። ዓይናዲስ ሁለቱንም አላደረጉም። በልመና የተገኘ እውነት ምጽዋት ነው፤ በማስፈራራት የተገኘውም ነገ ከሌላ አስፈሪ ፊት ይገለበጣል።

«ስለ አንተ አንዲት ቃል አልናገርም» አሉት። «ያንተን ቃል ተሸካሚው አንተ ነህ፤ ብትጥለውም ብታነሣውም ያንተ ነው። ማይክሮፎኑን ግን ክፈትልኝ። እሱ ደመወዝ የምትበላበት ሥራህ ነው።»

ሳሊሕ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የዘጋበትን ቦታ ያውቀዋልና አልፈለገም፤ ክልከላውን አነሣው፤ ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ደወል መሰል ድምፅ አሰማ፤ የሄድፎኑም ስም በመስታወቱ ጥግ ተጽፎ ታየ። ከዚያ የሰብሳቢዋ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሰው በድካም፣ «…ሰዓቱ ሊሞላ ነው። መምህርት፣ ይሰማዎታል?» አለ።

«ይሰማኛል። እኔስ እሰማለሁ?»

«ይሰማሉ።»

ሳሊሕ ለታዛቢው እንዲሰማ ብሎ የዳኞቹን ድምፅ ከገንዘብ ያዧ ክፍል ባመጣት ትንሽ ድምፅ ማጉያም አወጣው። አቶ ወርቅአገኘሁ ድምፁን ሰምተው ሲገቡ፣ መምህርቷ በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃቸውን ጭነው እየማሉ አገኟቸው። የመሐላ መጻሕፍቱ፣ መጽሐፍ ቅዱሱና ቁርኣኑ፣ በየፊናቸው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው በትርንጎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ዓይናዲስ ነገሩን ከመነሻው ተናገሩ። አላሳጠሩም፤ አላስረዘሙም። ስለ ፈተናው፣ ስለ መልስ መክፈቻው፣ ልጆቹ ሁሉ ስለመረጡት አንድ ስህተት፣ ውጤቱን መዝግቢ ተብለው እንቢ ስላሉበት ቀን ተናገሩ። «የልጆቹን ውጤት ብመዘግበው ኖሮ የምዋሸው በጽሕፈት ቤቱ ላይ አልነበረም፤ በልጆቹ ላይ ነበር። የማያነብን ልጅ ታነባለህ ማለት ዕድሜውን መስረቅ ነው» አሉ።

«ጽሕፈት ቤቱ ፈተናው አልወጣም ይላል» አሉ ሰብሳቢዋ። «ከልጆቹ የመልስ ወረቀት ሌላ ማስረጃ አለዎት?»

ሳሊሕ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ትርንጎ ዓይኗን ከእሱ አላነሣችም። መምህርቷ ወደ ማንም አልዞሩም።

«በእጄ ያለው ይኸው ነው። ይበቃል ባትሉም እውነት ነው።»

ሄድፎኑ ለኃላፊው ተላለፈ። አቶ ወርቅአገኘሁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የፈተናው ምስጢር እንደ ዓይን ብሌን መጠበቁን፣ ከዚህ ክፍል አንዲት ገጽ እንኳ አለመውጣቷን አስረዱ። «ለዛሬው መዘግየትም ይቅርታ። የኔትዎርክ ችግር ነበር» ሲሉ ጨረሱ።

«ኔትዎርኩ ደህና ነበር።»

ዝግ ያለ ድምፅ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ግን አላለፈውም።

«ማነው የተናገረው?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የኮምፒውተር ባለሙያው ነኝ፣ ሳሊሕ እባላለሁ» አለ፣ ወደ ካሜራዋ ቀርቦ። «ለምን እንደዘገየን አውቃለሁ። የምናገረው ግን ምዬ ነው። ውዱእ የለኝም፤ ታጥቤ እስክመለስ ይታገሱኝ።»

«እንታገሳለን።»

ሳሊሕ ወደ ግቢው ወጣ። በመስኮቱ በኩል፣ በዚያ ብርድ ጫማውን አውልቆ ከጀሪካኑ ውሃ ሲቀዳ ይታያል። አቶ ወርቅአገኘሁ ሄድፎኑን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፤ «ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነው፤ የዛሬው ይብቃ» አሉና ገመዱን ሊነቅሉ እጃቸውን ዘረጉ።

የዓይናዲስ መዳፍ ቀድሞ ከቀዳዳው ላይ ዐርፎ ነበር።

«እጅዎን ያንሡ፣ መምህርት። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።»

«ንብረቱን አልወስድብዎትም። እንዲሰማ ብቻ እፈልጋለሁ።»

«ነግሬዎታለሁ!»

«እኔም ሰምቼዎታለሁ። ሴት እጅ መጠምዘዝ ከቻሉ፣ ካሜራዋ እያየች ነው፤ ይጀምሩ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ካሜራዋ ቀና አሉ። ሦስቱ ዳኞች ትክ ብለው ያዩአቸዋል። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ።

ሳሊሕ ውሃው ከክርኑ እየተንጠባጠበ ገባ። ትርንጎ ቁርኣኑን ከነጨርቁ አቀረበችለት። ማለና ተናገረ፦ ኮምፒውተሩ ሄድፎኑን ያልተቀበለው ራሱ ስለዘጋው መሆኑን፣ የዘጋው ፈተናው በተሰጠ ማግስት መሆኑን፣ የታዘዘውም ፈተናው በፍላሽ ተገልብጦ ወጥቷል ተብሎ መሆኑን። ሰብሳቢዋ፣ «ማን አዘዘዎት?» ሲሉት ወደ ጆሮው ሊሄድ የነበረውን እጁን መለሰና፣ «እኚህ፣ ከአጠገቤ የቆሙት» አለ።

«ውሸት ነው!» አሉ ኃላፊው።

«እንግዲያው ለምን ተዘጋ?» አሉ ሰብሳቢዋ። «አቶ ወርቅአገኘሁ፣ ሄድፎኑን ያንሡና መልስ ይስጡን።»

ኃላፊው ሄድፎኑን አላነሡትም። ሰብሳቢዋ ከግራና ከቀኛቸው ካሉት ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያም የመምህርቷ ስንብት መታገዱን፣ መርማሪዎችም ከሰዓት በኋላ እንደሚመጡ አስታውቀው፣ እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው አዘዙ። መስታወቱ ጠቆረ።

አቶ ወርቅአገኘሁ ኮታቸውን አንሥተው በሩ ላይ ቆሙ። «ሳሊሕ፣ ነገ ደግሞ ያንተ ተራ ነው» አሉት።

«ግድ የለም፣ ጋሼ። ማይክሮፎኑ ከእንግዲህ ይሠራል።»

ትርንጎ ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ መሐረብ አልፈለገችም።

ጥቂት ቆይቶ ዘበኛው ቁልፉን እያንሿሿ መጣ። የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ በደንቡ መሠረት ቢሮው መቆለፍ አለበት፤ ኃላፊውም ሲወጡ «አሁኑኑ ቆልፍ» ብለውታል። ሌላው ቁልፍ በእሳቸው በኃላፊው እጅ እንዳለ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ዓይናዲስ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ይውጡልኝ እንጂ እመቤቴ፣ ልቆልፍ» አለ ዘበኛው።

«ቆልፈው» አሉት። «እኔ ውስጥ ነኝ።»