ለፍየሏ የተሠራው ምሳሌ

ሳዑዲ ውስጥ ጂዛን አጠገብ ባለው የስደተኞች ማቆያ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት አልገፋ ይላል። ሙቀቱ ሰው ላይ ይቀመጣል፤ የሚያወራ የለም፣ እንቅልፍ የሚወስደውም የለም። ወንዴ እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመረው ይህን ሰዓት ለመግደል ነው። አገር ቤት መምህር ነበር፤ ደመወዙ አላኖር ቢለው ባሕር ተሻግሮ እዚህ ወደቀ። ኩራቱ አልለቀቀውም መሰል ቀላሉን ትቶ ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት ያነሳል። ትርጉሙን ይሰጣል፣ ምሳሌ ያስከትላል። መጀመሪያ ምሳሌዎቹን የሚያመጣው ከመማሪያ መጽሐፍ እያስታወሰ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባውን አራዘመ፣ ቤተሰቡ ሽርሽር ሄደ። በክፍሉ ውስጥ ስብሰባም ሽርሽርም የሚያውቅ ስላልነበረ ቃሉ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ምሳሌው ከራስ ኑሮ ይሁን፣ እውነትም ይሁን።

ጁሀር የወሎ ሰው ነው፤ የተያዘው አል-ኹባ ላይ የሰው ፍየል ሲጠብቅ ነበር። «ዲቲሪኦሬት» የሚለው ቃል እሱ ተራ ላይ ደረሰ። ከነበሩበት እየባሱ መሄድ ማለት ነው፣ አለ ወንዴ። ጁሀር ጥቂት አሰበና «ማይ ጎት ዲቲሪኦሬትድ ኤንድ ዳይድ» አለ፤ ፍየሌ እየባሰባት ሄዳ ሞተች። ወንዴ ፍየሏ የራሱ መሆኗን ጠየቀው፤ ሕግ ሕግ ነውና።

«በቁሟ የአሠሪዬ የከፊሉ ነበረች፣ መምህር። ስትሞት ግን ያንተ ናት ተባልኩ።»

ክፍሉ ሳቀ። አብዝቶ የሳቀው ጎኑ የሚተኛው ጫላ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጁሀርን ባየ ቁጥር ስለ ፍየሏ ነፍስ ይማር ይለው ጀመር። ጁሀርም ዓረፍተ ነገሯን እንደ ፋቲሃ በቃሉ ያዛት፤ ሙሉ ሆና ከአፉ የምትወጣ እንግሊዝኛ እሷ ብቻ ነበረች።

ጫላ ታመመ። ተቅማጡ ውሃውን ጨረሰው፣ ትኩሳቱ ያቃዠው ጀመር። በሩን እየደበደቡ «መሪድ፣ መሪድ»፣ በሽተኛ አለ፣ ቢሉም ዘበኛው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቃሏን እነሱው ራሳቸው ፈጅተዋታል፤ ትንሽ አየር ያማረው ሁሉ መሪድ ነኝ ሲል ከርሟል።

አንድ ጠዋት ወንዴ ለአሻራ ተጠርቶ ሳለ አንድ የውጭ አገር ሐኪም በኮሪደሩ አለፈ። መሪድ አሉት፤ ቀና ሳይል መንገዱን ቀጠለ። ጁሀር ብረቱን ይዞ በእንግሊዝኛ ወንድሜ ታሟል ሊል ፈለገ፤ የተማረው ሁሉ ጠፋው። የመጣችለት ያቺው ብቻ ናት። ፍየሏን በወንድም ተካ፣ ጭራዋን ግን መቁረጥ አልቻለም።

«ማይ ብራዘር ዲቲሪኦሬትድ ኤንድ ዳይድ።»

ሐኪሙ ቆመ። ሬሳ ሳይነሳ አያድርምና በሩ ተከፈተ፤ ሊያነሱት ቃሬዛ ይዘው ገቡ። ሬሳው ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰ፣ ጮኸባቸው፣ ጫላን እየሮጡ ይዘውት ወጡ።

ጓደኞቹ የጁሀርን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። በቁም ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንዴ ሲመለስ ባትል እዚሁ ይሞት ነበር አለው። እውነት ነበር፣ ጁሀርን ግን አላሳረፈውም።

ከጫላ ወሬ ጠፋ። ዘበኛውን ሲጠይቁት እጁን ያወናጭፋል። ትምህርቱ ሲቀጥል ወንዴ «ሪከቨር» የሚል ቃል አነሳ፤ ከሕመም ማገገም። አስቦ ያመጣት መሆኑን ሁሉም አውቋል። ተራው የጁሀር ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ባዶውን ምኝታ እያየ ከእሱ አፍ ጠበቀ። ወንድሜ አገገመ የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ነበረ፤ ሊለው እንዴት እንዳማረው።

«አንድ ጊዜ ዋሽቼበታለሁ፣ መምህር» አለ። «አሁን ሳላውቅ አልልም።»

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ተራውን አልወሰደም። ስሙ ለአገር ቤት በረራ የተጠራ ቀን ፌስታሉን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ዘወር አለና ወንዴን አደራ አለው።

«ጫላ ከተመለሰ የኔን ተራ ለሱ ስጠው። ምሳሌዋን እሱ ይሥራት።»