ለሃያ ሰው የተፈቀደ ለቅሶ

የእድሩ ዳኛ የኔሰው ከሟቿ ከሀብትነሽ ደጅ ቆሞ ቀብር የሚሄዱትን ሰዎች ስም ሲያነብ፣ እማማ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስማቸው እስኪጠራ ጠበቁ። አልተጠራም። አስራ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ግን "ገብረ ማርያም ይመር" አለ። ገብረ ማርያም ባላቸው ነው፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።

"የት አለ?" አለ የኔሰው ቀና ሳይል።

"ልጥራልህ?" አሉ እማማ ይርጋነሽ። "ከምትቀብሩበት ጉድጓድ አለፍ ብሎ ተኝቷል። ቀድሟችሁ ደርሷል።"

አንዳንዱ ጭምብሉን ይዞ ሳቀ። የኔሰው አልሳቀም። ኮሮና ገባ ከተባለ ወዲህ ቀብር ላይ ከሃያ ሰው በላይ እንዳይገኝ ተብሎ ደብዳቤ መጥቶለታል፤ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚያስቀር ቢጨንቀው የእድሩን መዝገብ ገልጦ ከላይ ጀምሮ ሃያ ስም ቀዳ። መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ አባወራ ብቻ ነው። ሚስት በባሏ ስም ትገባለች፤ ባል ቢሞትም ስሙን የሚፍቅ የለም። በዚህ የተነሳ ሀብትነሽን ሊቀብሩ ከተነሱት መሀል አንዲት ሴት አልነበረችም።

እማማ ይርጋነሽ በቢቸና ከተማ አርባ ዓመት ሙሾ ያወረዱ ሴት ናቸው። ሟች ማንን እንዳስታረቀ፣ ማንን እንዳበላ እሳቸው ካልተናገሩ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ሀብትነሽ ደግሞ በአንድ ዓመት ተድረው በአንድ አጥር የኖሩ ጓደኛቸው ናት። ከፋሲካ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጅ ልጃቸው ስርጉት ከከተማው ወዲያ ጫፍ ወስዳ ቤቷ ዘግታባቸው ነበርና፣ ልቧን ሲያማት የኖረችው ሀብትነሽ ስታርፍ አጠገቧ አልነበሩም። ይህ አንጀታቸውን አሳርሮታል።

"ስምሽ ቢኖርም እኔ እፍቀው ነበር" አለች ስርጉት። "እማ፣ ሰባ ዓመትሽ ነው። ቢይዝሽ አትተርፊም።"

"አንቺማ ፋቂ። ቅዳሜ ገበያው ላይ ሰው በሰው ሲረማመድ የት ነበርሽ? ማክሰኞ የቀበሌው አዳራሽ እስኪጠብ ሰው ለስብሰባ ሲጠሩስ፣ በሽታው ጥሪ ስላልደረሰው ነው የቀረ?"

ስርጉት ስብሰባው ይቅር ብላ ተናግራ የሰማት አልነበረም።

ከአጥሩ ሥር ያለውም ሰው ክርክሩ ውስጥ ገባ። ቅቤ ሻጯ ሰሎሜ ገበያው ከተዘጋ ኮሮናን ሳታየው ልጆቿን ረሃብ እንደሚጨርስባት ተናገረች። መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሕግ ይከበር ቢሉ፣ ስሙ የተጠራለት ሁሉ ዛሬ ሕግ አክባሪ ሆነ ብላ አሽሟጠጠቻቸው። ሌላው ደግሞ በሽታው የከተሜ ወሬ ነው አለ። እማማ ይርጋነሽ እሱንም አልማሩትም።

"በሽታ የለም ያለህ ማነው? ጉንደ ወይን ላይ ፈንጣጣ እናቴን ሲወስዳት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መንገዱ ላይ እሾህ አጋድመው ቤታችንን ዘጉት። ግን የባላባቱንም ዘጉ፣ የቄሱንም ዘጉ። ስለዚህ አባቴ አንዲት ቃል አልተናገረም። እናንተ የምትዘጉት የማንን ነው? የአሮጊት ለቅሶ።"

የኔሰው ሬሳው መቆየቱ አሳስቦት በባለቤትዎ ቦታ ይግቡ አለ። ስርጉት ተቆጣች፤ ማንም የሚሰማት ስታጣ ማንንም እንዳትስም አያቷን አስጠነቀቀች።

"ማንን ልስም? የኔሰውን?" ብለው በትራቸውን አንስተው ቀደሟት።

መቃብሩ ላይ ሙሾ አወረዱ። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፤ ያም ሆኖ ወንዱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስጦታው ተራውን ያዘ። የሀብትነሽ አንድ ልጅ ነው፤ ድንበር ተሻጋሪ መኪና ይነዳል። ከመጣ ሃያ ቀኑ እንደሆነና የለይቶ ማቆያ ጊዜውን እንደጨረሰ ለስርጉት አስመዝግቧል። ደረቱን እየመታ አለቀሰ።

"እናቴ፣ ትናንት ጠዋት ባልደርስ ምን ይውጠኝ ነበር? ከሞጣ በር ኬላ ሳልደርስ ወርጄ፣ በሰው ማሳ ሮጬ ባልመጣ ዓይንሽን ሳላየው ቀርቼ ነበር።"

ወንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ልጅ ለእናቱ ያለቀሰውን ማንም ቃል በቃል አይሰማውም። እማማ ይርጋነሽ ግን አርባ ዓመት የኖሩት ሐዘንተኛ ከሚለው ላይ ቃል እየለቀሙ ነው። ትናንት ጠዋት። ሹፌር ለምርመራ ከሚያዝበት ኬላ ሳይደርስ። ዞር ብለው ስርጉትን አዩዋት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ቆማ መዝገቧ ላይ ስም ትጽፋለች፣ አልሰማችም።

ስጦታው እጁን ዘርግቶ መጣባቸው። የሟች ልጅና አልቃሿ ሳይተቃቀፉ ቀብር አይበተንም። ሽማግሌዎቹ መንገድ ለቀቁለት። እማማ ይርጋነሽ በትራቸውን አግድም አንስተው ደረቱ ላይ ደገኑ።

"እትዬ፣ ነውር ነው፤ ሐዘንተኛ እኮ ነው" አለ የኔሰው።

"ነውሩ የኔ ይሁን።"

ስጦታው በትሩን በእጁ ይዞ፣ ልጅዎ አይደለሁም ወይ ብሎ አለቀሰ። ከኋላው ያለው ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ ድሮም ምላሰ መርዝ ናት አለ። እማማ ይርጋነሽ በትሩን አላወረዱም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስርጉትን ጠሯት።

"ነይ፤ አዲስ ገጽ ግለጪ። አንተም ስጦታው፣ ለናትህ ያልከውን አሁን ለዚች ልጅ ድገምላት። መቼ እንደመጣህ፣ በየት እንደገባህ፣ ከትናንት ጀምሮ ማን ማንን እንዳቀፍክ፣ አንድ ሳታስቀር ንገራት።"