አንድ አንድ ቅርጫት አፈር

በኛ አገር፣ በዛንስካር ተራሮች መሃል፣ በረዶን የምናባርረው በአፈር ነው። አጨዳው እንዳለቀ፣ መሬቱ ውርጭ መትቶት ሳይጠነክር፣ እያንዳንዱ ቤት ከማሳው ዳር ደቃቅ ጥቁር አፈር ዝቆ ጋጣው ውስጥ ይከምራል። አፈሩ ከከብቶቹ ጋር ይከርማል። መጋቢት ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል አውጥተን በየማሳችን በረዶ ላይ እንበትነዋለን። ጥቁሩ አፈር ሙቀት ይስባል፣ በረዶው እየተበሳሳ ይወርዳል፣ እርሻውም ከወሩ ቀድሞ ይገለጣል። ይህን ችላ ያለ ሰው ገብሱ ሳያሽት የመስከረም ውርጭ ይደርስበታል። ችላ ያለ ሰው ግን አይቼ አላውቅም፤ በሶ የማይወድ ዛንስካሪ የለማ።

በዚያ ዓመት በረዶው ልክ አጣ። በር መክፈት አቅቶን በጣሪያው ቀዳዳ በመሰላል እየወጣን ነበር ጎረቤት የምንጠይቀው። ወንዶቹ ጣሪያ ሲጠርጉ ይውላሉ፤ በማግስቱ ያው በረዶ ተመልሶ ይጠብቃቸዋል። በየካቲት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከመንደሩ በላይ ባለው ፈፋ በኩል የበረዶ ናዳ ወረደ። ሰው አልነካም፣ ከብትም አልነካም። ሄዶ ሄዶ የእህቴ የኩንዜስ እርሻ ላይ ተኛ።

ኩንዜስ ያለቻት ያቺው አንዲት እርሻ ናት። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተንዶበት ከሞተ ወዲህ ዕርፉን የምትይዘው ራሷ ናት፤ ልጅም አልወለደችም። እርሻዋ ከፈፋው አፍ ላይ ስለሆነች ውኃ ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ጋ ነው፤ አፈሯም ከሁላችን ማሳ የወፈረ ነበር። አሁን ግን ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚያህል በረዶ ተጭኗታል፤ ከድንጋይና ከተሰባበረ አኻያ ጋር ተጠቅጥቆ ዶማ እንኳ አይበግረውም።

“እትዬ ያንግዶል፣ ይኼ እስከ ሐምሌ አይነሳም” አለችኝ፣ ፊቱ ቆመን ስናየው። “ካልዘራሁ ምን እበላለሁ? ሌህ ከተማ ወርጄ ሥራ እፈልጋለሁ።”

“ከኔ ጋር ትበያለሻ!”

“ያንቺን ጭቅጭቅ?”

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሌህ የወረደ ሰው ለበዓል እመጣለሁ ይላል፣ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ከዚያ በስልክ ብቻ ይሆናል። ከእናቴ ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች በዚህ መንደር ከማን ጋር ተጣልቼ ከማን ጋር ልታረቅ?

ስለዚህ ሜሜ ቱንዱፕ ጋ ሄድኩ። ሜሜ፣ አያት እንደማለት ነው፣ የመንደራችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይታ ነበር፣ ልጅም አልነበራቸውም። አፈር የሚበተንበትን ቀን የሚቆርጡት፣ የመጀመሪያውን ትልም የሚያወጡትም እሳቸው ነበሩ። የጧት ፀሐይ የትኛው ቋጥኝ ላይ እንዳረፈች ከመስኮታቸው አይተው ቀኑን ይናገራሉ፤ እኔ ከተወለድኩ ስተው አያውቁም። ነገሬን ሰሙና ሰው ይሰብሰብ አሉ።

“ከየጋጣችን አንድ አንድ ቅርጫት እናውጣ” አሉ ሰው ፊት። “የኩንዜስን ናዳ አብረን እናጥቁረው።”

“ሜሜ፣ ለራሳችን ያንሰናል እኮ!” አለ ሞሩፕ። ሞሩፕ ጎረቤቴ ነው፤ ሰው ቤት ጠላ ሲጠጣ ኩባያው ሞላልኝ የማይል፣ ከራሱ ቤት ሲቀዳ ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ።

“አንተ ቅርጫትህን ሙላ እንጂ ስለሱ አታስብ።”

“የኔ ቅርጫት ደግሞ ትልቅ ነው።”

“ትልቅ የሚሆነው ስትቀበል ነው” አልኩት። ሰው ሳቀ፤ ሞሩፕም እያጉረመረመ ሳቀና ሞልቶ አመጣ።

በበረዶው ላይ ደረጃ እየቆፈርን ወጣን። ሜሜ ከናፍራቸውን እያንቀሳቀሱ ጸለዩና የመጀመሪያውን ጭብጥ በተኑ፤ እኛም ተከተልናቸው። ከሁሉም በላይ አፈር ያፈሰስነው መሃሉ ላይ ነበር፣ ወፍራሙ እዚያ ነው ብለን። ስንወርድ ናዳው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ኩንዜስ እያንዳንዱን ሰው እጁን ይዛ አመሰገነች፤ የነበራትን ጠላ ሁሉ አውጥታ አጠጣችን።

ፀሐይዋም አላሳፈረችንም። በረዶው በየቀኑ ዝቅ ሲል በዓይናችን እናየው ነበር። መጀመሪያ የእርሻዋ ካብ ጫፍ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ በታችኛው ዳር ጋቢ የምታህል መሬት ተገለጠች። ኩንዜስ መዳፏን ጭቃው ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። “ሞቃለች” አለችኝ። እኔም ሌህ የሚባለውን ከተማ ከዚያች ቀን ጀምሮ ረሳሁት።

በዚያው ሰሞን ከፈፋው የሚወርደው ውኃ ቀጥኖ ነበር። ወፍጮው መዞር አቃተው፤ እኛ ሴቶች ደግሞ ጫማችን ሳይርስ በድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን መሻገራችንን ወደድነው። “ላይ ያለው ገና ቅዝቃዜ ይዞት ነው” አሉ ሜሜ፤ ሁላችንም አመንን። ፈፋውን ወጥቶ ያየ የለም። የዓመቱ ሐሳባችን በረዶ እንዲቀልጥ ነው፤ በረዶ ራሱ ውኃ ይዞ ይቆማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ናዳው የፈፋውን አፍ ደፍኖት፣ ከፈፋው ጥምዝ በስተጀርባ ከኛ ዓይን ተሰውሮ የቀለጠው ሁሉ ይጠራቀም ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ ሞቃት ነፋስ መጣ፣ ከነፋሱ ጋር ዝናብ። በኛ አገር በዚያ ወር ዝናብ አይታወቅም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔና ኩንዜስ ሜሜ ቤት ነበርን፤ የእርሻ ከብቶቻቸውን ልትዋስ፣ ቀኑንም ልትጠይቅ መጥታ ነው። ሻዩን ሳንጨርስ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ሜሜ ተነስተው በመስኮት አዩ፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

“ውጡ! ወደ ገዳሙ በኩል ውጡ!”

ገዳሙ ወዳለበት ዳገት እየሮጥን ዞር ስል ናዳው ከመሃሉ፣ አፈሩን አብዝተን ካፈሰስንበት፣ ለሁለት ተሰንጥቋል። የወጣው ውኃ መልኩ ቡና ዓይነት ነበር፤ ቤት የሚያህል ድንጋይ እያንከባለለ በኩንዜስ እርሻ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደባት። ከሷ በታች ወፍጮውን ይዞ ወደ ትልቁ ወንዝ ገባ። ሰው አልሞተብንም። ጎሕ ሲቀድ ስንወርድ እርሻው ባዶ የድንጋይ መደብ ሆኗል፤ አንድ ጭብጥ አፈር የለውም።

“አፈሩስ?” አለች ኩንዜስ። ዙሪያዋን ታያለች። “እትዬ፣ አፈሩ የት ሄደ?”

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሜሜ ደጇ መጡ፤ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። “ልጄ፣ ያፈረስኳት እኔ ነኝ። በረዶውን ብንተወው ኖሮ ቀስ እያለ ይለቃት ነበር።”

“ሜሜ፣ ለኔ ብለው ነው እኮ። ቆብዎን ያድርጉ፣ ብርድ ነው።”

“ላንቺ ብዬ መሆኑ እርሻሽን አይመልስልሽም” አሉና ቆባቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ።

መንገዱ እንደተከፈተ ኩንዜስ ወደ ሌህ ወረደች። የጭነት መኪናው እስኪነሳ ድረስ ስለ ጫማዋ ቀዳዳ ስቆጣት ነበር። አትሂጂ ማለት ፈልጌ አፌ ላይ የመጣው ጫማ ነው። ሌህ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘች፤ አልፎ አልፎ ስትደውል፣ ስልኩ የሚሰማው ጣሪያ ላይ ነውና፣ እዚያ ወጥቼ አነጋግራታለሁ።

ሜሜ ቱንዱፕ በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ትልም አላወጡም። የራሳቸውንም እርሻ አልዘሩም። በሰኔ ግን አንድ ጧት ቅርጫት አዝለው ጎንበስ ብለው ሲሄዱ አየናቸው። ከራሳቸው ማሳ ዳር አፈር ዝቀው፣ ፈፋው አፍ ድረስ ተሸክመው፣ የኩንዜስ ድንጋይ ላይ ገለበጡት። በማግስቱም ደገሙት። አእምሯቸው ተነካ ብለን አዘንን።

“ሜሜ፣ አሁን ይኼ መቼ ሊያልቅ ነው?” አላቸው ሞሩፕ። “ድንጋይ ላይ እርሻ ማበጀት የአያት ቅድመ አያት ዘመን ይፈጃል እኮ!”

“ቅርጫቴ ትልቅ ነው ብለኸኝ አልነበር?” አሉት፣ ሳይቆሙ።

ሞሩፕ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። ማታ ግን በጓሮ በኩል ቅርጫት አዝሎ ሲወርድ አየሁት። አላየሁም አልኩት፤ እሱም ደስ አለው።

ሜሜ አጨዳው ሳይደርስ በሳል ታመው ሞቱ። አስከሬናቸውን እንደ ወጋችን ስናቃጥል የሠሯት መሬት ሁለት ምንጣፍ ብታህል ነው። ስለሷ ያነሳ ሰው የለም። አጨዳው አልቆ ለጋጣችን አፈር የምንዝቅበት ጊዜ ሲደርስ ግን ቅርጫቴን ሞልቼ ብድግ ስል እግሬ ወደ ጋጣው አልሄደም። ፈፋው አፍ ስደርስ ጎረቤቶቼ ቀድመውኛል። አንዱ ያራግፋል፣ አንዱ በእጁ ይደለድላል። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁላችንም ያፈርን ይመስል ነበር።

ጣሪያ ላይ ወጥቼ ደወልኩላት። “ኩንዜስ፣ እርሻሽ ላይ አፈር አለ። ጥቂት ናት፣ ግን አፈር ናት።”

“የምን አፈር? ከየት የመጣ?”

“ከሁላችን። ሜሜ ጀመሯት፣ እኛም...”

ከኋላዋ የዳቦ ቤቱ ጫጫታ ይሰማኛል። “የዘንድሮ የጋጣችሁን አፈር ነው የሰጣችሁት?”

“አዎ።”

“ታዲያ መጋቢት ላይ በየማሳችሁ ምን ልትበትኑ ነው? የአምናው ዓይነት በረዶ ቢመጣስ?”

አላሰብኩበትም፤ መሬቱ ውርጭ መትቶት ጠንክሯል፣ ሌላ አፈር አይዛቅም። የጠበቅኩት እመጣለሁ የሚል ቃል ነበር፤ የመጣው የገዛ ጅልነታችን ሆነና ተናደድኩ። “ሌህ ተቀምጠሽ ስለ ጋጣችን ምን አገባሽ?” አልኳት። ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልደወልኩም። ጥቅምት አለፈ፤ የተራራው መተላለፊያ መንጣት ጀመረ። አንዴ ከተዘጋ እስከ ሚያዝያ የሚገባም የሚወጣም የለም። አፌ ነው ያስቀራት እያልኩ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ።

የመጨረሻው የጭነት መኪና የመጣ ዕለት ስኳር ልቀበል ወረድኩ። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ ይጮሃል፦ “ያንግዶል፣ ይቺ እህትሽ ጤነኛ ናት? ሰው ዘይት ያስጭናል፣ ሩዝ ያስጭናል። እሷ አመድ አስጭና አመጣችኝ! ለቆሻሻ ኪራይ ትከፍላለች!”

ኩንዜስ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ ላይ ወረደች። ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ ግራጫ ሆናለች። ጫማው ያው ቀዳዳው ነው።

“የዳቦው ምድጃ አመድ ነው” አለችኝ። “በየቀኑ እየጠረጉ ይጥሉታል። ካንቺ ጋር ከተነጋገርን ጀምሮ ሳጠራቅም ነበር። አመድም ያጠቁራል አይደል?”

“ብትደውይ ምን አለ?”

“ትጮኺብኝ ነበራ።”

አቀፍኳት፤ ሁለታችንም አመድ በአመድ ሆንን። አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም።

ሰው ቅርጫቱን ይዞ መጣ። ሞሩፕ ያንን ትልቁን ይዞ ከፊት ተሰለፈና ሰው ሳቀበት። ኩንዜስ ጆንያ ፈትታ ለየሰው አንድ አንድ ቅርጫት መሙላት ጀመረች። የመጀመሪያውን ግን ለማንም አልሰጠችም። አዝላው ወደ ሜሜ ቱንዱፕ ቤት አቀናች።

“ኧረ ሜሜ ሞተዋል!” አለ ሞሩፕ። “እዚያ ጋጣ ብታስቀምጪው መጋቢት ላይ ማሳቸው ላይ ማን ይበትነዋል?”

“እኔ” አለች ኩንዜስ፣ የቅርጫቱን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። “የኔ እስክትወፍር የሳቸውን እዘራለሁ።”