የደወሉ ማማ ቁጭ ያለበት ደቂቃ

በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቲኾዜርስክ ከተማ የደወል ማማ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደና ሊሄድ መሆኑን ለዚናይዳ አርኺፖቭና ነገራት። ቲኾዜርስክ በሰሜን ሩሲያ፣ በሐይቅ ዳር ያለች አሮጌ ከተማ ናት። ሦስት ጊዜ ተቃጥላ ሦስት ጊዜ ተሠርታለች፤ ከሦስቱም እሳት የተረፈው ማማው ብቻ ነው። ዚናይዳ አስጎብኚ ናት፤ ይህንኑ ለእንግዳ ስታወራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ባሏን ያገኘችው በማማው ደረጃ ላይ ነበር። ባልየው በሁለተኛው ዓመት ጥሏት ሄደ፣ ማማው ግን ቀረላት።

«ምን በደልንዎት?» አለች።

«ለመጣ እንግዳ ሁሉ ‹ከዚህ ቦታ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም› ትያለሽ። በቀን አራት ጊዜ እሰማለሁ። ለሰሚውም ነውር ነው።»

እውነቱን ነው። ዚናይዳ አፈረች፤ ቢሆንም የምትለቀው አልሆነችም። በዚያ አገር መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ ይቀመጣል። ሳይቀመጥ የሄደ ሰው መንገዱ አይቀናውም።

«ሳይቀመጡ ነው እንዴ የሚሄዱት? እርስዎን የሚያህል ትልቅ ሰው!»

ማማው ደነገጠ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ ወጉን ጭራሽ ረስቶት ኖሯል። ጉልበቱን አጥፎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ነውና መቀመጥ እንዴት እንደሚጥም አያውቅም ነበር።

«ወይ ግሩም!» አለ።

ይህን የሰማው የምሽጉ ግንብ ኮረብታው ላይ ቁጭ አለ። የነጋዴዎቹ ቤቶች ተከተሉ። ገዳሙም አምስት ጉልላቱን ይዞ እየተንገዳገደ ተቀመጠ። ከተማዋ በግማሽ አጠረች፣ ሰማዩ ሰፋ። ሰዉ የሐይቁን ማዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከየማእድ ቤቱ ሆኖ አየ፤ ሳቁም ለያዥ ለገናዥ አስቸገረ። የሙዚየሙ ዘበኛ ዬፊም ሳቬሊች፣ አሥር ዓመት ጥርሱን ያላሳየ ሰው፣ ቆቡን ወደ ላይ ወርውሮ የት እንደወደቀ እንኳ አላየም። ዚናይዳ ከደስታዋ ብዛት ዘለለች። መቀመጥ እንዲህ የጣመው ከእንግዲህ አይነሣም ብላ ነበር።

ማማው ተነሣ።

«ተባረኪ» አላት። «እግሬ ዐረፈ። አሁን መንገዱ ይቀናኛል።»

«ዬፊም ሳቬሊች፣ በገዛ እጄ ሸኘሁት እኮ!»

«አዎ፣ ዚናይዳ አርኺፖቭና» አለ አጠገቧ የቆመው ዘበኛ። «ደግሞም በወጉ ነው የሸኙት።»

ማማው ሐይቁ ውስጥ ገባ። ውሃው ወገቡ ጋ እንኳ አልደረሰም። ደወሎቹን እያንቃጨለ ወደ ማዶ ሲሄድ ምስሉም ውሃው ላይ ተዘቅዝቆ አብሮት ይራመዳል። በምስሉ ውስጥ፣ ከደወሎቹ መካከል፣ አንዲት ሴት የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች እጇን ታውለበልባለች። ዚናይዳ አተኩራ አየቻት። ራሷ ናት፤ ደስ ብሏታል።

ከዚያ ከእግሯ ሥር ያለውን ውሃ ተመለከተች። ውሃው ሣሩን ያሳያል። ዬፊም ሳቬሊችን ያሳያል። ከእሱ አጠገብ፣ እሷ በቆመችበት፣ ማንም የለም።