የእማዬ ካሴት

ወልድያ ላይ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቁጡ ነች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ናሆም የመመረቂያ ሥራውን ይዞ ቢሮዬ በር ላይ ሲቅለሰለስ ሳየው፣ ገና ሳይናገር አንድ ነገር እንዳበላሸ ገባኝ።

የሰጠሁት የእማዬን ድምፅ ነበር። ልጅ ሳለሁ አባዬ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ይነዳል። እማዬ ፋንቱ መጻፍ ስለማትችል፣ መርሳ ቤታችን ቁጭ ብላ ሰላምታዋን በካሴት ትቀዳና በሾፌሮች እጅ ትልክለታለች። እሷ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ሁሉ ካሴት የተረፈው አንድ ነው። ባለፈው ወር አባዬ "ሙሉወርቅ፣ አደራ" ብሎ ሰጠኝ። ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ እንደጨረስኩ ክሩን ቴፑ በላው። ለተማሪ በየሳምንቱ "ቅጂ ያዙ" የምል ሴትዮ፣ የቀረችኝን አንዷን ፋይል የናሆም ፕሮግራም ጩኸቱንና ዝምታውን ያውጣልኝ ብዬ ሰጠሁት። ምነው እጄን በቆረጠው።

ላፕቶፑን ከፈተ። "እንደምን..." አለች እማዬ፤ "...ልጆቹ ደህ..." ከዚያ ጭልጥ።

"ምን አደረግኸው?"

"እንዲፈጥን ብዬ ነው ቲቸር። አራት ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ዝምታውን ከአንዱ ዝርዝር ላይ ይቆርጣሉ።"

ሠራተኛ የሚላቸው በአንድ ጊዜ የሚሮጡትን የፕሮግራሙን ክፍሎች ነው፤ ዝርዝሩ ደግሞ ድምፁ ተቆራርጦ በተራ ቁጥር የተደረደረበት ነው። አንዱ ከፊት ሲቆርጥ የኋላው ሁሉ ወደ ፊት ይጠጋል፤ ሌላው ግን አስቀድሞ በያዘው ቁጥር ይሄድና ዝምታ መስሎት ቃል ይቆርጣል። አንድ ቀሚስ አራት ልብስ ሰፊ በአራት መቀስ ሲረባረብበት ማለት ነው። ናሆም ውጤቱንም ዋናው ፋይል ላይ ጽፎበታል።

"ግን ኮፒ ይዣለሁ" አለ። ከፈተው፤ እሱም ተቆራርጧል። ኮዱን አየሁት። ያንኑ ዝርዝር በሌላ ስም ጠርቶታል እንጂ አልገለበጠውም።

"ስማ" አልኩት። "የእናቴ የክርስትና ስም ወለተ ሥላሴ ነው። ፋንቱ ስትሞት ወለተ ሥላሴ ቀረችልኝ?"

ናሆም ኮዱን ደግሞ አየው። እኔም ከቁጣዬ መሀል እማዬ ናፈቀችኝ።

"የተቆረጠውስ የት ገባ?" አልኩት።

"እያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው፣ ከነቦታው መዝግቦ አስቀምጦታል።"

ሠራተኞቹ በጋራ ያልነካኩት እሱን ብቻ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቁርጥራጩን እያነሳን በየቦታው ሰፋነው። ቃል እንዳያመልጠን ዝምታውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርገን ሰማነው።

ለካ ዝምታው ባዶ አልነበረም። እማዬ ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል። በደጃችን የጭነት መኪና ያልፋል፤ "አባዬ መጣ" ብዬ የምሮጥለት ዓይነት። መርሳን ከነአቧራዋ አየኋት።

ከሦስተኛው ሠራተኛ ቁርጥራጮች ውስጥ አንድ ሹክሹክታ ወጣ። ያንን ካሴት አባዬ ጋ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ይህችን ግን ሰምቼ አላውቅም። እማዬ ፊቷን ከቴፑ መልሳ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለአምስት ዓመቷ እኔ ትናገራለች፦

"ሙሉዬ፣ አትንኪው የኔ እናት። ይጠፋብናል።"

ናሆም እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።