ይመለስ የተባለው አውቶቡስ

ከፋብሪካው የመጣው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ማዶ የተማርኩት ለዚህ ቀን እንደሆነ ነገረችኝ።

አክስቴ በአንድ ቀን የገዛቻቸው አራት የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች አሏት። ደብዳቤው የሚለው ቀላል ነው፦ የእነዚህ አውቶቡሶች የፍሬን ቱቦ ከሻንሲው ጋር እየተፋተገ ሊበሳ ስለሚችል በነጻ ይቀየር። አዲሶቹ ቱቦዎችም አብረው ተልከዋል። ለሾፌሮቹ ማስታወቂያ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ርዕሱ ላይ ያለችው «ሪኮል» የምትል፣ በቁሟ መልሶ መጥራት የሆነች አንዲት የባዕድ ቃል ያዘችኝ። መዝገበ ቃላት አገላበጥኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ «የሻንሲ ቁጥራቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረው አውቶቡሶች ወደ አምራቹ እንዲመለሱ ጥሪ ተደርጓል» ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ኮራ ብዬም ነበር።

በማግስቱ ሦስቱ አውቶቡሶች ግቢ ገብተው ቆሙ። ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፣ ሦስቱም ዝርዝሩ ላይ አሉ። አንዱ ሾፌር በራሱ ገንዘብ ያስገባውን ቴፕ ነቅሎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። አራተኛው ሾፌር፣ ቀስ በል የምንለው፣ ቁጥሩን በሲጋራ ወረቀት ጽፎ ላከልኝ። ከሌሎቹ በሺህ ይርቃል፤ ዝርዝሩም ላይ የለም።

ቀስ በል ይህ ስም የወጣለት በሃያ ዓመት ሥራው ጋሪ እንኳን ቀድሞ ስለማያውቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይዋሻል ብዬ ማሰብ ከበደኝ። የሱ መስመር ግን ያ ረጅም ቁልቁለት ያለበት ነው። ስለዚህ ብሎን የምንለውን መካኒክ ይዤ ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። ተሳፋሪው ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል። ብሎን ሞተሩን አስጠፍቶ ከሥር ገባና የሻንሲ ቁጥሩን ፈልጎ ጣቱን ጥቁር አድርጎ ወጣ።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ላይ ግራሶ ማን ቀባው?» አልኩት ቀስ በልን።

«ዝገት እንዳይበላው ነው።»

«ቁጥሩን ብቻ?»

ተሳፋሪ እንዳይሰማው ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎማው ወሰደኝ። «ዘጠኝ ዓመት ነድቻታለሁ። የትኛው ማርሽ ላይ እንደምታስል ሳይቀር አውቃለሁ። የሸጡትን ዕቃ መልሱ ይባላል እንዴ? አልሰጥም።»

ያኔ ገባኝ። ቴፑን የነቀለውም ሾፌር ገባኝ። አውቶቡሷ የትም እንደማትሄድ፣ የሚቀየረው አንድ ቱቦ ብቻ እንደሆነ፣ ብሎን እዚሁ እንደሚጨርሰው እየተንተባተብኩ አስረዳሁት።

«ታዲያ ወረቀትህ ይመለሱ አላለም?»

«ብሏል።»

«እና?»

«ተሳስቼ ነው፣ ጋሼ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ምሁሩ፣ ቋንቋህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?»

ለካ አንዲት ሴትዮ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ስታዳምጥ ኖራለች። «እኛስ፣ ወንድሜ፣ እንመለስ ወይስ እንቀመጥ?» አለች።

ቀስ በል ራሱ ገብቶ ቱቦው እስኪቀየር እንዲጠብቅ ለተሳፋሪው ነገረ። ጉርምርምታው እስከ ውጭ ተሰማ፤ አንድ ሽማግሌ ለቀጠሮ እንደሚዘገዩ ሲናገሩ እሱ ከመቅረት ዘግይቶ መድረስ ይሻላል አላቸው። ብሎን ከአንድ ሰዓት በኋላ አሮጌውን ቱቦ ይዞ ወጣ። አንድ ቦታ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቷል። ቀስ በል ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ተቀደደ።

«ትናንት በዚህ ነው የወረድኩት?»

ብሎን ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ቀስ በል ጎማው ላይ ተደገፈ። የትናንቱን ተሳፋሪ ይቆጥር ይሆናል፤ እኔም ስለ ኩራቴ እያሰብኩ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ ከኪሴ እስክሪብቶ እንዳወጣ አዘዘኝና በእግሩ ቆሞ አዲስ ማስታወቂያ አስጻፈኝ፦

«ፍሬናችሁ አንድ ቀን ይከዳችኋል። ቱቦው እዚሁ ጋራዥ ይቀየራል። መኪናችሁን ማንም አይወስድባችሁም።»

አውቶቡሷ ወጣች። እኔ ቢሮ ተመልሼ የድሮውን ቀድጄ አዲሱን ለጠፍኩ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ወደደችው። «መኪናችሁን» የሚለው ላይ ስትደርስ ብቻ ጣቷን አሳርፋ የማን መኪና እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ተይው አክስቴ» አልኳት፤ «እሱን እንኳ አልተሳሳትኩም።»