ለሁሉም አረንጓዴ የሚያበራው

"እጅሽ ነው ያቃጠለው።"

እነዚህን ሦስት ቃላት ባለ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ አራት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ኖራለች። የተናገራት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሰፈሩ ሰው "ኢንጂነር" የሚለው፣ በየሱቁ እየዞረ ፕሪንተርና ኮምፒውተር የሚጠግን። የተናገረውም ለብቻዋ አግኝቶ አይደለም። ማመልከቻ የሚያሳትም ሰባት ደንበኛ ተሰልፎ፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ እየሰማ ነው። የፕሪንተሩን ሄድ፣ ያቺን ቀለሙን ወረቀት ላይ የምትረጨውን ክፍል፣ ነቅሎ አወጣና እንደ ሞተች አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ "እትዬ፣ ይሄ ፊደል ለቆጠረ ሰው የተሠራ ነገር ነው። እጅሽ ነው ያቃጠለው" አለ።

ትምህርቷን ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የተማረ ሰው ፊት ቃል ይጠፋባታል። እጇን ግን ታውቀዋለች። እጇ በቀን አምስት መቶ ገጽ ይደረድራል፣ መታወቂያ ያለ አንዲት ጉብታ በላስቲክ ያሽጋል፣ የቀለም መያዣዋን ካርትሪጅ በስሪንጅ ሲሞላ አንዲት የቀለም ጠብታ ጠረጴዛ ላይ አይጥልም። እንዲህ ያለ እጅ እንዴት አድርጎ ነው ማሽን የሚያቃጥለው?

ዓምና የሁለተኛው ፕሪንተር ሄድም ተቃጠለ። ኢንጂነሩ መጣ፣ አየ፣ "አላልኩሽም?" አለና ሄደ። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በስልክ ስትነግረው፣ "እንግዲህ ሦስተኛ እንገዛለን" አላት። "ይሄም ከተቃጠለ ግን ሱቁን ወንድሜ ይያዘው። አንቺም ዕረፊ።"

ዕረፊ! ከወለሉ እስከ ጣሪያው ራሷ ቀብታ፣ መደርደሪያውን ራሷ ቸንክራ ካቆመችው ሱቅ ውጪና ዕረፊ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስተኛውን ፕሪንተር እንደ አራስ ልጅ ትጠብቀው ጀመር፤ ኢንጂነሩንም እንደዚያው፣ ዓይን ዓይኑን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርትሪጁ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ቺፕ ተለጥፋለች። ሥራዋ መቁጠር ነው፤ የታተመውን ትቆጥር ትቆጥርና "ቀለም አልቋል" ትላለች። ካርትሪጁን እስከ አፉ ቢሞሉት እንኳ እሷ ያው አልቋል እንዳለች ናት። ቀይ መብራት ይበራል፤ ማሽኑም አላትምም ብሎ ይገተራል። የቺፗን ቁጥር መልሶ "ሞልቷል" የሚያሰኛት ሪሴተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ያን መሣሪያ ደግሞ አለኝ የሚለው ኢንጂነሩ ብቻ ነው።

ሲጠራ ይመጣል። ካርትሪጁን ይዞ ጥግ ላይ ካለው ሰማያዊ መጋረጃ ጀርባ ይገባል። መጋረጃው የሷ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ለማንሳት ብላ የሰቀለችው፤ እሱ ወረሰው። ከዚያ ጀርባ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ያስላል፤ ይወጣል። ካርትሪጁን ማሽኑ ውስጥ የሚያስገባውም ራሱ ነው። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ማሽኑን በሰውነቱ ከልሎ፣ ክርኑን አንድ ቦታ ተክሎ ቆም ይላል። ጸሎት የሚያደርስ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀይዋ መብራት ትጠፋለች።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለችው አንድ ቀን አንገቷን አስግጋ።

"ብነግርሽስ ይገባሻል፣ እትዬ?"

ጎኗ አንዲት ጠረጴዛ ተከራይታ የምትሠራው ጸሐፊ ይህን ስትሰማ ጣቶቿ የኪቦርዷ ፊደሎች ላይ ቆሙ። ጸሐፊዋ የሷው እኩያ ናት፤ ሴትዮዋን "መርማሪዋ" ነው የምትላት፣ ሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ስለማይጠፋት።

"አንቺ መርማሪ፣ ለምን የራስሽን ሪሴተር አትገዢም?" አለቻት ሰውየው ከወጣ በኋላ።

"የትኛው እውነተኛ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

"ሻጩን ትጠይቂያለሽ።"

"ሻጩን!" ሴትዮዋ ሳቀች። "ተኩላን 'በጎቹ ደኅና ናቸው?' ብዬ ልጠይቅ?"

ግን ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣም። በማግስቱ ከሚጣሉት ካርትሪጆች አንዱን አነሳች፤ በቢላ ጫፍ ቺፗን ፈንቅላ አወጣችና በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ደግሞ ምን እያበላሸሽ ነው?" አለች ጸሐፊዋ።

"ምስክር እያዘጋጀሁ ነው። ሻጮቹን የሌለ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። አለ ያለኝ ውሸታም ነው።"

ሁለት ካርትሪጅ ይዛ ወጣች፤ አንዱ ቺፕ ያለው፣ ማሽኑ አልቋል ያለው፤ ሌላው ቺፕ አልባው።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹ ባሉበት መንገድ የመጀመሪያው ሻጭ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። "እናትዬ፣ ትክክለኛው ቦታ መጣሽ" ብሎ ሪሴተሩን አወጣ። ክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር ናት፤ አፏ ላይ ቀጫጭን የብረት እግሮች አሏት። ቺፕ ያለው ካርትሪጅ ላይ ጫን ሲያደርጋት ቀይ ብልጭ ብልጭ አለችና አረንጓዴ ሆነች።

"ታየሽ? ሞላ!"

"እስቲ ይሄንንም" ብላ ሁለተኛውን አቀበለችው። ቺፗ የነበረችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ሸፍናለች። ሰውየው አላየም፤ መሣሪያዋን አስጠግቶ ጫን አደረጋት። ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ።

"ይሄም ሞላ እናትዬ! አንደኛ ዕቃ ነው።"

አውራ ጣቷን አነሳች። ባዶ ላስቲክና የደረቀ ሙጫ።

"ምኑን ነው የሞላኸው? ሙጫውን?"

"እ... ይሄ ሞዴሉ..."

"በጣቴም ላይ አድርጋትማ። እኔንም ትሞላኝ ይሆናል።" ባንኮኒው ጋ የቆመ ደንበኛ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ውጪ ዞረ። እሷ ወጥታ ሄደች።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሻጭ ማሸጊያውን አልከፍትም አለ። "ከተከፈተ በኋላ አልቀበልሽም። ገዝተሽ ቤትሽ ሞክሪው።"

"እኔ ባሌን እንኳ አይቼ ነው ያገባሁት" አለችውና እሱንም ጥላው ሄደች።

ፀሐዩ አናቷን እየመታት፣ እግሯ እያቃጠላት፣ ሁሉም አንድ ናቸው ብላ ልትመለስ ስትል ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር አንድ ሽማግሌ የጥገና ሠራተኛ አየች። ወንበሩን በተፈቱ ማሽኖች ከቦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብሎን ይፈታል። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"ሪሴተር አለዎት?"

"ለየትኛው?"

ቺፕ አልባውን አቀበለችው፣ አውራ ጣቷ እንደተለመደው ቦታውን ይዞ። ሽማግሌው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደ።

"አውራ ጣትሽን አንሺ።"

"እ?"

"ጣትሽን። ቺፑን ልይ።"

አነሳች። ሽማግሌው ካርትሪጁን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። "ቺፕ የለውም እኮ። ማነው የፈነቀለው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ለማየት ነው... እርስዎን።"

ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀ። "ታዲያ አየሽኝ?"

"ገና ነው።"

እሱም አልተቀየማትም። ከመሳቢያው ሪሴተር አውጥቶ ባዶው ላስቲክ ላይ ጫናት፤ ምንም። መብራት የሚባል ነገር የለም። ቺፕ ባለው ላይ ሲጫናት ግን ቀይዋ ሰባት ጊዜ ብልጭ ብላ አረንጓዴው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ራስሽ ድገሚው" ብሎ አቀበላት። ደገመችው። ሦስቴ። ከዚያ ባለቀለሙን ካርትሪጅም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችው።

"አይሠራም። ለጥቁሩ ብቻ ነው። ይሠራል ብዬ ብሸጥልሽ ነገ መጥተሽ ትሰድቢኛለሽ፤ ፊትሽ ላይ ያስታውቃል።"

ሰው "አይሠራም" ሲላት ደስ ያላት የዚያን ቀን ነው። ግን ተጠራጣሪ ናትና፣ ደስታዋን ደብቃ ወገቧን ያዘች። "የሁለት ማሽን ሄድ ተቃጥሎብኛል። ይሄ ነገር ሦስተኛውን እንደማያቃጥልብኝ በምን አውቃለሁ?"

ሽማግሌው ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። "ሁለት? ካርትሪጁ ከተስተካከለልሽ በኋላ ስክሪኑ ላይ የቀለሙ ልክ ይታይ ነበር?"

አሰበች። "የለም። የቀለሟ ሥዕል ግራጫ ሆና ነው የምትቀር።"

"ታዲያ ማንም ቺፑን አላስተካከለልሽም። ማሽኑ ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይዞልሻል። እንደዚያ ሲደረግ ማሽኑ መቁጠር ይተዋል፤ ቀለም ይኑር አይኑር አያውቅም። ቀለሙ ሲያልቅ ዝም ብሎ ደረቁን ያትማል፤ ሄዱም በደረቁ ይነዳል። ማነው የሚሠራልሽ?"

በሴትዮዋ ዓይን ላይ የመጣው ያ ጀርባ ነው፤ ማሽኑን የከለለው ጀርባ፣ አንድ ቦታ የተተከለው ክርን። ጸሎት! አሥር ሰከንድ ጸሎት!

ያም ሆኖ ሽማግሌውንም ዝም ብላ አላመነችውም። ሪሴተሩን ገዝታ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ጥቁሩን ካርትሪጅ ሞላች፣ የቺፗን ቁጥር በሪሴተሩ መለሰች፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። የቀለሟ ሥዕል እስከ አፏ ጠቁራ ብቅ አለች። ሥራ ቀጠለች። ለሳምንታት ሥዕሏ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስትወርድ ትከታተላት ነበር። ማሽኑ "ሊያልቅ ነው" ብሎ ያስጠነቀቀ ቀን ካርትሪጁን አውጥታ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፤ በእርግጥም ከሥሩ ግማሽ ጣት የማይሞላ ቀለም ነው የቀረው። ማሽኑ እውነቱን ሲነግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

"አሁን ኢንጂነሩን ጥሪው" አለች ጸሐፊዋ፣ ዓይኗ እየበራ።

"ሰው ይብዛልኝ" አለች እሷ።

ሰኞ ጠዋት ሰው በዛ። የአቅራቢያው መሥሪያ ቤት አዲስ ቅጽ ወጥቶ ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ደወለችለት፤ መጣ፤ መጥራቷ ደስ ብሎታል። ቺፕ አልባውን ካርትሪጅ አቀበለችው። ለአንድ አፍታ ቢገለብጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር።

"ቀይ አበራብኝ፣ ዋርሳዬ።"

"ይሄ የኔ ሥራ ነው እትዬ፣ አታስቢ።" ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ቀጭ። ቀጭ። አሳለ። ወጣ፤ ግንባሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። "ቺፑ ዛሬ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ግን አሸነፍኩት።"

ወደ ማሽኑ ሲራመድ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

"እስቲ አሳየኝ።"

"ምኑን?"

"ያስቸገረህን ቺፕ።"

"እትዬ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ..." እያለ ካርትሪጁን ገለበጠው። ገለበጠውና የደረቀውን ሙጫ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከሰልፉ አንድ አዛውንት ደግነት ይዟቸው፣ "ምናልባት ከመጋረጃው ጀርባ ወድቆ እንደሆን እንፈልግልህ፣ ልጄ?" አሉ።

"አይልፉ አባቴ" አለች ሴትዮዋ። ከቦርሳዋ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥታ ፈታችው፤ ቺፗ ብልጭ አለች። "ይቺ ከኔ ጋ ከሰነበተች ቆየች። ዋርሳዬ ያሸነፈው ሌላ ነገር ይሆናል።"

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ኢንጂነሩ በርበሬ መሰለ።

"ያቺን ክብ ቁልፍ ደግሞ ስንት ሰከንድ ነው የምትይዛት? አሥር?"

"ማን ነገረሽ?" አለ። ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

"አንተ። አሁን።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው እኮ... የኔ ሪሴተር ከተበላሸ ቆይቷል... እትዬ፣ ባይሆን ለብቻችን እንነጋገር፣ ሰው ፊት..."

"ያኔም ሰው ነበር። ሰባት። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ይሄን ያህል እንኳ መቁጠር እችላለሁ።" ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን በር ላይ የቆመው ሁሉ ሰማ። ስልኳን አውጥታ የባሏን ቁጥር ደወለችና ወደሱ ዘረጋችው። "እንካ። ያቃጠለው የማን እጅ እንደሆነ ለወንድምህ ራስህ ንገረው። እኔ ስነግረው አይሰማኝም።"

ስልኩ ሦስቴ ጠራ። ኢንጂነሩ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ሰው ብቻ ነው። ወሰደው። "ሃሎ... ወንድምዓለም... አዎ፣ ሱቅ ነኝ። ስማ... ያ የፕሪንተሩ ጉዳይ፣ ሁለቱም... የሷ ጥፋት አይደለም። የኔ ነው። አዎ፣ የኔ።" ስልኩን ሲመልስላት ዓይኗን አላየም። ቦርሳውን አንስቶ በሰልፉ መሐል እየተሽሎከለከለ ወጣ።

"ቤት ስትመጣ ቤትህ ነው!" አለችው ከኋላው። "ማሽኔን ግን እንዳትነካት!"

ከዚያ ሞልታ ያስቀመጠችውን ጥቁር ካርትሪጅ አነሳች፣ ሪሴተሩን ከመሳቢያዋ አወጣችና ጠረጴዛው መሐል፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ቺፗ ላይ ጫነችው። ቀይዋ ሰባት ጊዜ ብልጭ አለች። አረንጓዴው ቀጥ ብሎ ቆመ። ካርትሪጁን በራሷ እጅ አስገባች።

በመጨረሻም በርጩማ ላይ ወጣች፤ ሰማያዊውን መጋረጃ ከነሽቦው ነቀለችው። ጥጉ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። መጋረጃውን አራት እጥፍ አጥፋ ማሽኑ ሥር እንዳይነቃነቅ አነጠፈችለት፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ሰልፉ ዞረች።

"ተረኛ!"